ድንኳን ሲተከል መኪና ቀስ ይላል

በሰፈራችሁ ለቅሶ ሲኖር የሚሆነውን አስታውሱ። የእድሩ ጎረምሶች ድንኳኑን ከመጋዘን አውጥተው መንገዱ ላይ ይተክሉታል። ፈቃድ የጠየቀ የለም፣ የመንገድ ምልክት ያቆመም የለም። አግዳሚው ይደረደራል፣ ከጎን ጉልቻ ተጎልቶ ንፍሮው ይጣዳል። ትንሽ ቆይቶ አሸዋ የጫነ መኪና በዚያ ይመጣል። ሹፌሩ ድንኳኑን ገና ከሩቅ ሲያይ እግሩን ከነዳጅ ያነሳል፣ ሙዚቃውን ይዘጋል፣ በቀረችው ጠባብ መተላለፊያ በሰው እጅ እየተመራ ቀስ ብሎ ያልፋል። አንዳንዱ እንዲያውም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል። ከሦስት ቀን በኋላ ድንኳኑ ይነሳል። ያው ሹፌር፣ በዚያው መኪና፣ በዚያው መንገድ አቧራውን እያስነሳ ይበራል።

ይህ ነገር ለብዙ ጊዜ አልከነከነኝም ነበር። የተማርኩት ሲቪል ምህንድስና ነው፣ አሁን ደግሞ የድኅረ ምረቃ ጥናቴን የምሠራው በመንገድና በትራፊክ ደኅንነት ላይ ነው። በእኛ ትምህርት ፍጥነት የሚወሰነው በመንገዱ ስፋት፣ በጥምዝ፣ በዳገትና በእይታ ርቀት ነው። ድንኳን በየትኛውም የዲዛይን ማኑዋል ውስጥ አላጋጠመኝም። ሹፌሩን ያዘገየው ግን ጥምዝም ዳገትም አልነበረም፤ «እዚህ ሰው አለ» የሚል መልእክት ነው። ታዲያ ይህን መልእክት ማን ነው ከመንገዳችን ላይ ያነሳው? መቼስ ነው የተነሳው? እስቲ ከእኔው ሰፈር መንገድ እንነሳና ወደ ኋላ እንሂድ።

የምኖረው ለገዳዲ ነው። አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ስሙን የሚያውቀው በግድቡ ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ውሃ ማጠራቀም ከጀመረ ወዲህ ከተማዋ ከእሱ ትጠጣለች። እኛ ለገዳዲዎች ግን ከግድቡ ይልቅ በየቀኑ የምንጋፈጠው አስፋልቱን ነው። ከኮተቤ በካራ ወጥቶ፣ ለገጣፎንና ለገዳዲን ሰንጥቆ፣ በሰንዳፋ አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ የሚሄደው መንገድ። ሌሎቹ አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞችም ከዚህ የተለየ ታሪክ የላቸውም። ሱሉልታ የተዘረጋችው በጎጃም መንገድ ላይ ነው፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል ስም ሲጠቃለሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ካለ ይህ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ የሁሉም ዋና ጎዳና የሌላ ሰው አገር አቋራጭ መንገድ ነው። እኛ ዳቦ ልንገዛ የምንሻገረውን አስፋልት ሹፌሩ የሚያውቀው «ከአዲስ አበባ መውጫ» ብሎ ነው።

መኪና ወደዚህ አገር ሲገባ ነገሩ በተቃራኒው ነበር። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ መንገዱ የእግረኛ፣ የበቅሎና የአህያ ነበር። መኪናው ነው እንግዳው። ከዚያም በፊት ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ያመጣውን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ ዳምጠው ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር። እንግዳ ሲመጣ ስም ይወጣለታል፣ ይታያል፣ ይሳቅበታል። ባለቤቱ እግረኛው ስለነበር ቀስ ማለት የነበረበት መኪናው ነው።

በእኛ በኩል ባለው መንገድ ላይ ይህ ሚዛን የተገለበጠው በጦርነት ነው። በ1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ነበር፤ ሚያዝያ 27 ቀን ከተማዋ ገቡ። በዚህ አካባቢ የኖሩ አያቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ መኪና ባንድ ላይ ያዩት እንግዲህ ያኔ መሆን አለበት። መኪና ሲመጣ ከመንገድ ወጥቶ መደበቅ ነው የተማሩት። በኋላም ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የሠራው የደሴ አስመራ መንገድ የተሠራው ለወታደርና ለስንቅ ነው እንጂ፣ ከብት ለሚያሻግር እረኛ አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ መንገዱ በሰላም ሰዎች እጅ ገባ፤ ሐሳቡ ግን ብዙም አልተለወጠም። የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የሰጠው የመጀመሪያ ብድር በመስከረም 1943 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የሰጠው ነው፣ ከእሱም 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ ነበር። በዚያው ዓመት የኢምፔሪያል ሀይዌይ ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ አሜሪካውያን የመንገድ ባለሙያዎችም አብረው መጡ። እነዚህ ሰዎች ያመጡት ትልቅ ነገር አለ። አገሩን አገናኝተዋል፣ ባለሙያ አሠልጥነዋል። አብሮ የመጣው ግን «የዲዛይን ፍጥነት» የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ነው። መሐንዲሱ በመጀመሪያ መኪናው ስንት እንዲሄድ እንደሚፈልግ ይወስናል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይቀዳል። ሜዳ ላይ ለሚያልፍ አገር አቋራጭ ይህ ጥሩ አሠራር ነው። ችግሩ መንገዱ በተሠራ ማግስት ጠርዙ ላይ ሻይ ቤት ይከፈታል፣ ከዚያ ወፍጮ ቤት፣ ከዚያ ትምህርት ቤት። ሃምሳ ዓመት ቆይታችሁ ስታዩት ሜዳው ከተማ ሆኗል፤ አስፋልቱ ግን አሁንም ሜዳ ላይ ያለ ይመስለዋል።

አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። «የእኛ ሹፌር አይታረምም» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ሰኔ 1956 ዓ.ም.ን አስታውሱት። እስከዚያ ድረስ ኢትዮጵያ በግራ ነበር የምትነዳው። ከዚያ ወር ጀምሮ በቀኝ ሆነ። የአገሩ ሹፌር በሙሉ፣ የተማረውም ያልተማረውም፣ እጁ የለመደውን ቀየረ። አይቀየርም የሚባል ልማድ የለም ማለት ነው፤ ጥያቄው ሁሉም አምኖበታል ወይ የሚለው ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ይኸው የእኛ መንገድ የዓለም ዜና ሆነ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ አበበ ቢቂላ በሸኖ በኩል ቮልስዋገኑን እየነዳ ሳለ መኪናዋ ተገለበጠች። ከቶኪዮ ድሉ በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ የተሸለማት መኪና ናት። እስኪነጋ ድረስ ውስጧ ተይዞ ቆየ። በሮም በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር የሮጠው ሰው ከዚያ በኋላ አልተራመደም፤ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አረፈ። ልጅ ሆኜ ወደ ደብረ ብርሃን በሄድን ቁጥር ሽማግሌ ተሳፋሪዎች ሸኖ ስንደርስ ያነሱት ነበር። ሐዘኑ አሁንም አለ። ከሐዘኑ የተወለደ አንድም የመንገድ ለውጥ ግን ማንም አስታውሶ አልነገረኝም፤ ስለ ዕጣ ፈንታው ነው የሚወራው።

አሁን ወደ ፊዚክሱ ልውሰዳችሁ፣ አጭር ነው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን እየመጣ ነው እንበል፤ አንዱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው በ50። በእኩል ቅጽበት ልጅ መንገድ ውስጥ ትገባለች። ሁለቱም ሹፌሮች አይተው ፍሬን እስኪረግጡ አንድ ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። በ30 የሚሄደው በዚያች ሰከንድ 8 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ከዚያ በደረቅ አስፋልት ሌላ 5 ሜትር ተንሸራቶ በ13 ሜትር ላይ ይቆማል። በ50 የሚሄደው ደግሞ ያቺ ሰከንድ እስክታልቅ ብቻ 14 ሜትር ሄዷል። ልብ በሉ፤ አንደኛው ቆሞ ሹፌሩ ልቡ እየመታ ተቀምጧል፣ ሁለተኛው ገና ፍሬን አልነካም። ልጅቷ 13 ሜትር ከግማሽ ላይ ካለች አንደኛው ሳይነካት ይቆማል፣ ሁለተኛው በሙሉ ፍጥነቱ ይመታታል። በ20 ኪሎ ሜትር ልዩነት!

ስዊድናዊው ጎራን ኒልሰን የሠራው ቀመር ይህንኑ በብዙ መንገዶች ላይ ያሳያል፤ አማካይ ፍጥነት በመቶ አንድ ሲጨምር ገዳይ አደጋ በመቶ አራት ገደማ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ኢትዮጵያ ውስጥ ከ100,000 ሰው 26.7 በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ በአውሮፓ 9.3 ነው። መኪና የሌለው ማን እንደሆነና መኪና ያለው ማን እንደሆነ ስታስቡት ቁጥሩ ይበልጥ ያማል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው።

ሕዝቡ ይህን ሒሳብ ባይሠራውም አደጋው ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። በቻይና ገልባጮች ላይ «ቀይ ሽብር»፣ ጫት ጭነው በሚከንፉ አይሱዙዎች ላይ «አልቃይዳ» የሚል ስም ያወጣው ቀልድ አምሮት አይመስለኝም። በ1989 ዓ.ም. አካባቢ የመንገድ ልማት ፕሮግራሙ ሲጀመር የአገሩ መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ከ100 ሺህ አልፏል። የደርባ ሲሚንቶ በሱሉልታ ይወርዳል፣ አትሌቶቻችን ደግሞ በዚያው አስፋልት ጠርዝ ይሮጣሉ። በሰርኪስ ባቡር የሳቀ ሕዝብ በሲኖትራክ አይስቅም። ስሙ ራሱ ይነግራችኋል፤ ማን ባለቤት፣ ማን እንግዳ እንደሆነ ተገልብጧል።

በሌላው ዓለምም ተገልብጦ ነበር። መልሶ ያቃናው ማን እንደሆነ ሳጠና ያስገረመኝ ነገር፣ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ከመሐንዲስ አለመጀመሩ ነው።

ኔዘርላንድስን ሁላችንም በብስክሌት እናውቃታለን። በ1971 እ.ኤ.አ. ግን 3,300 ገደማ ሰው በመኪና አደጋ ሞቶባታል፣ ከእነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ ሕጻናት ነበሩ። ልጁን ያጣ ቪክ ላንገንሆፍ የሚባል ጋዜጠኛ «የሕጻናት ግድያ ይቁም» የሚል ርዕስ የሰጠው ጽሑፍ አወጣ፤ በዚያው ስም የወላጆች ንቅናቄ ተነሳ፣ ወላጆችና ልጆች መንገድ ዘግተው ተቀመጡ። ከዚያም ትንሽ ቀደም ብሎ ዴልፍት ከተማ ውስጥ የሰፈር ሰዎች በደጃቸው የሚያቋርጠው መኪና ሲያስመርራቸው መንገዱን በዛፍ፣ በአበባ ማስቀመጫ፣ በአሸዋ ሳጥን እያጠማዘዙ ግቢ አስመሰሉት። መኪና መግባት ይችላል፤ እንደ እንግዳ ነው የሚገባው፣ በእግረኛ እርምጃ። መንግሥት ሕግ ያወጣለት በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፣ ማለትም ሰዎቹ ከሠሩት ከዓመታት በኋላ። ዛሬ እዚያ አገር በመንገድ የሚሞተው የያኔውን ሩብ እንኳ አይሞላም።

ዴልፍቶች የሠሩትን በሌላ መልኩ የተነተነው አውስትራሊያዊው ዴቪድ ኤንግዊክት ነው። መሐንዲስ አይደለም፣ ብሪዝበን ውስጥ በሰፈሩ ሊያልፍ የነበረን ትልቅ መንገድ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲታገል ነው ወደዚህ ነገር የገባው። ሐሳቡ ባጭሩ ይኸውላችሁ፤ በመኖሪያ ሰፈር መኪና የሚፈጥነው ነዋሪው በልቡ ከመንገዱ ባፈገፈገ መጠን ነው። ወንበሩን ወደ ውስጥ ስታስገቡ፣ ልጆቹን ግቢ ስትዘጉባቸው፣ ሹፌሩ መንገዱ የእሱ ብቻ መሆኑን ይረዳል። ከእሱ በፊት ዶናልድ አፕልያርድ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሦስት ተመሳሳይ መንገዶችን አነጻጽሮ፣ በቀን 2,000 መኪና የሚያልፍበት መንገድ ላይ ያለ ሰው በአማካይ ሦስት ወዳጅ በዚያው ጎዳና ሲኖረው፣ 16,000 የሚያልፍበት ላይ ያለው አንድ እንኳ እንደማይሞላ አሳይቶ ነበር። መጽሐፉ በ1981 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዓመቱ አፕልያርድ ራሱ አቴንስ ውስጥ በፍጥነት በሚነዳ መኪና ተገጭቶ ሞተ።

ወደ እኛ የሚቀርበው ግን የኬንያው ነው። ጄምስ ሃብያሪማና እና ቢሊ ጃክ የሚባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ከ2,000 በላይ ረጅም ርቀት የሚሄዱ ማታቱዎችን ይዘው፣ ግማሽ ያህሉ ውስጥ ተሳፋሪው ሹፌሩን እንዲናገር የሚያበረታታ ወረቀት ለጠፉ። ራዳር የለም፣ ቅጣት የለም። ወረቀት በተለጠፈባቸው መኪኖች ላይ የኢንሹራንስ ጥያቄ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ቀነሰ። እስቲ እኛ ጋ አስቡት። ታክሲ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው እጁን ወንበር ላይ ጨብጦ በልቡ ይጸልያል። አንዷ «ኧረ ቀስ በል ልጄ» ስትል ሹፌሩ «የፈራ ይውረድ» ይላል፣ ሌሎቻችን ስልካችንን እናያለን። ብቻዋን ቀረች። አሥራ ሁለታችንም ብንናገር ኖሮ ሰውየው ወዴት ያመልጣል?

እንዲህ ስላችሁ እኛ ጋ ሙከራ የለም ማለቴ አይደለም። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገዶች ለመኪና ሲዘጉ፣ አስፋልት መሐል ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን አይቼ ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ነበር። ለገሃርና ሰባተኛ ላይ መስቀለኛ መንገዶች በቀለምና በመከለያ ለእግረኛ ቦታ ተለቆላቸዋል። ትምህርት ቤት በር ላይ ፊሽካ ይዘው የሚቆሙ ተማሪ ትራፊኮችን፣ ክረምት ላይ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው የሚያሻግሩ በጎ ፈቃደኞችን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ይህ ሁሉ ግን ሲመጣ ከላይ ነው የሚመጣው፣ ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ ልጁም ሰደርያውም ይሄዳል።

ከታች ያለውስ? እዚህ ላይ ነው የእኛ ነገር ግራ የሚያጋባኝ። ማኅበራዊ ተቋም አላጣንም። እድር አለ፤ የመንግሥት ሥርዓት ሦስት ጊዜ ሲቀያየር፣ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ቀበሌ መጥቶ ሰፈሩን እንደ አዲስ ሲያደራጅም እድሩ አልፈረሰም። በመኪና አደጋ ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚተክለው፣ አስከሬን የሚያነሳው፣ ቤተሰቡን የሚያጽናናው እሱ ነው። ሽምግልና አለ። በእኛ አካባቢ ደግሞ ጉማ አለ፤ ሰው የገደለ፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ በሽማግሌ አማካይነት ካሳ ከፍሎ ከሟች ቤተሰብ ጋር የሚታረቅበት የኦሮሞ ሥርዓት ነው። ሹፌር የቀጠፈው ሕይወትም በዚሁ ሥርዓት ይታያል። ክፋት ወደ በቀል እንዳይሄድ የሚያደርግ፣ የትኛውም ፍርድ ቤት የማይተካው ነገር ነው። ግን ልብ ብላችሁ ከሆነ ሁሉም የሚጀምሩት መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። ለቀብሩ የምናዋጣውን ያህል ለማሻገሪያው አናዋጣም።

አናዋጣም ስል ለካ ተሳስቻለሁ፤ አንዴ አዋጥተን ነበር። ያንን ላውራችሁ።

ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው መንገድ ኮብልስቶን ነው። ብዙ ከተሞች ውስጥ እንደሆነው ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቶበታል። ድንጋዩ ራሱ ትንሽ ያንገጫግጫልና መኪና ብዙ አይፈጥንበትም ነበር። ከዓመታት በኋላ በላይኛው በኩል ግንባታ በዛና ገልባጮች አቋራጭ አደረጉት፤ የመኪናው ሩጫ ድንጋዩን አለስልሶ ጎማ የሚሄድበትን መስመር አስፋልት አስመሰለው። አንድ ቀን ከሰዓት ከትምህርት ቤት የምትመለስ የጎረቤታችን ልጅ ተገጨች። ነፍሷ ተረፈ፣ እግሯ ግን እንደነበረው አልሆነም። በዚያው ምሽት የሰፈሩ ሰው ወጣ። አካፋ፣ ዶማ፣ የተበላሸ ኮብል ድንጋይ፣ ከአንዱ ግንባታ የተለመነ ገረጋንቲ። እስኪነጋ ድረስ በሁለት ቦታ ጉብታ ሠሩ። በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው በሰፈር ሰው የተሠራ ስፒድ ብሬከር ነው።

እኔ ያኔ ገና መመረቄ ነበር። «ኢንጂነሩ መጣ» ተባለ፣ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝና ምን ይመስልሃል አሉኝ። ምን እንዳልኩ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ስታንዳርድ የለውም አልኩ። ቁመቱ በዝቷል፣ ምልክት የለውም፣ የክረምት ውሃ ያቁራል፣ ሕጋዊ አይደለም። የተናገርኩት አንድም ውሸት የለበትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሎደር መጥቶ ጠረገው። በምትኩ ግን የተሠራ ነገር የለም። የሰፈሩ ሰውም «ኢንጂነሩስ ቢሆን አልደገፈንም» ብሎ ሌላ አልሠራም።

ጉብታው በእርግጥ ስህተት ነበረው፣ ሳይንሱንም ላስረዳችሁ፤ ብሬከር ለመሥራት ያሰበ ካለ ይጠቅመዋል። ይህን ነገር ከጀመሩት አንዱ በፊዚክስ የ1927 እ.ኤ.አ. የኖቤል ተሸላሚ የሆነው አርተር ኮምፕተን ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በሚመራው ዩኒቨርሲቲ በር ላይ መኪኖች ሲበሩ አይቶ ቁጭ ብሎ ጉብታ ነደፈ። ቀጥሎ እንግሊዞች በ1973 እ.ኤ.አ. ዋትስ በሚባል ተመራማሪ አማካይነት ብዙ ቅርጽ ሞከሩ፤ ያገኙት ነገር ከግምት ውጭ ነው። አጭርና ሹል ጉብታ ቀስ ብሎ የሚሄደውን ክፉኛ ያናውጣል፣ በጣም የሚፈጥነውን ግን ብዙም አይነካውም። ምክንያቱም ጎማው ዘሎ እስኪወርድ ባሌስትራው ይውጠዋል፣ የመኪናው አካል ለመነሳት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ሹል ብሬከር የሚቀጣው ጨዋውን ነው! ርዝመቱ 3.7 ሜትር፣ ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ለስላሳ ጉብታ ግን መኪናውን በሙሉ ያነሳዋል፤ በቀስታ ለሚያልፍ አይሰማም፣ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ምቾቱን ይነሳል። በሁለቱም ጠርዝ ለውሃ መውረጃ ክፍት ይተዋል፣ ከሩቅ እንዲታይ ነጭ ይቀባል። ማታ የማይታይ ብሬከር ራሱ አደጋ ነውና። አገር አቋራጩ አስፋልት ላይ ደግሞ ያለ መንገድ ባለሥልጣን ማንም እጁን አያስገባም፤ እኔ የማወራው ስለ ሰፈር ውስጥ መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ ያኔም አውቀው ነበር፣ ደብተሬ ላይ ነበር። ሽማግሌዎቹ የጠየቁኝ «ልክ ነው ወይ?» ብለው ነው፣ እኔ ደግሞ «አይደለም» አልኩና ሄድኩ። «እንዴት ልክ እናድርገው?» ብዬ መመለስ ነበረብኝ። ቅርጹ ተሳስቷል እንጂ ሐሳቡ የዴልፍት ሰዎች ሐሳብ ነበር፤ መኪናው ከመግደሉ በፊት የተተከለ ድንኳን ነበር።

ልጅቷ አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። በዚያው መንገድ ነው የምትሄደው።

ባለፈው ወር የእድሩ ስብሰባ ላይ እንድናገር ለምኜ ተፈቀደልኝ። ስለ 30ና ስለ 50 መኪና አወራሁ፣ ሁለት ጠጠር ይዤ ጠረጴዛው ላይ አሳየሁ። አንድ እናት «ገንዘቡ ከየት ነው?» አሉ። ሌላው ደግሞ ደብዳቤ ለማን እንደሚጻፍ ጠየቀ፤ ለወረዳው አስተዳደር እንዲጻፍ፣ ግልባጭ ለትራፊክ ፖሊስ እንዲደርስ ተባለ። በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ክረምት ብቻ ከሚቆሙ፣ ከትምህርት ቤት መግቢያና መውጫ ሰዓት በየተራ ሰው እንዲቆም የሚል ሐሳብም መጣ። ድንኳን ለመትከል ተራ የሚወጣ እድር ለዚህም ተራ ማውጣት አያቅተውም። ገልባጭ የሚያሠማሩ ሁለት ባለንብረቶች የእድሩ አባል እንደሆኑ ለማንም አልጠፋውም። ቀና ብለው ሳይመለከቱ «ሹፌሮቹን እንነግራቸዋለን» አሉ። ሰው እያየ የገባ ቃል ነው፣ ቀላል አይደለም።

የእድሩ ዳኛ፣ ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ፣ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩ። ከዚያ «ኢንጂነር፣ አሁንስ ትፈቅድልናለህ?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ጆሮዬ ግን ጋለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሲባጎ፣ ሜትርና ውሃ ልክ ይዤ ወጣሁ። ደብዳቤው እስኪመለስ ቦታውን ምልክት እናድርግ ተባብለን ነበር። ኦቦ ዱላቸውን ይዘው ቀድመውኝ ቆመዋል። «ቁመቱ ስንት ነው?» አሉ። አሥር ሳንቲም አልኳቸው። በጣታቸው ለክተው «ትንሽ ናት» አሉ። «ርዝመቱስ?» ሦስት ሜትር ከሰባ። ቆጠር ቆጠር አድርገው ተራመዱና ዞር ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ይኼ የድንኳናችን ወርድ ነው እኮ» አሉ።